ባልና ሚስት ሲለያዩ ክሊኒክ የቀረው ፅንስ የማን ነው?

ፍቺ መጥቶ ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚነሣው ነገር ይታወቃል። የኮንዶሚኒየሙ ቤት፣ መኪናው፣ ያልወጣው ዕቁብ፣ ከባንክ የተወሰደው ብድር፣ ልጅ ካለ ደግሞ ከማን ጋር እንደሚያድግ። እዚህ አያትና ጣፎ አካባቢ በምይዛቸው የቤተሰብ ጉዳዮች ውስጥ ግን አንዳንዴ ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው ነገር ይኖራል፤ ባልና ሚስቱ ልጅ ፍለጋ ሲታከሙ በነበረበት ጊዜ በክሊኒክ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረ ፅንስ። ሽማግሌዎቹ አያውቁም። አማትም አታውቅም። መሃን መባልን ፈርተው ለእናት እንኳ ሳይነግሩ የተከታተሉት ሕክምና ስለሆነ የሚያውቁት ሁለቱና ሐኪማቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ንብረቱ ተካፍሎ፣ የፍቺው ውሳኔ ተጽፎ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ፅንሱ እዚያው ይቀራል።

የቤተሰብ ሕጋችንም ሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ያለውን ፅንስ በስም ጠርተው የሚደነግጉበት አንቀጽ የላቸውም። ያ ማለት ግን ሕግ የለም ማለት አይደለም። ጉዳዩን ከየአቅጣጫው የሚነኩ አንቀጾች አሉ፤ አንድ ዳኛ ፊት ቢቀርብም የሚከራከሩበት እነሱን ይዞ ነው። ይህን የምጽፈው ሕክምናውን ለመጀመር ያሰባችሁ ወይም በመካከሉ ያላችሁ ሰዎች እነዚህን አንቀጾች አስቀድማችሁ እንድታውቁ ነው። ከመለያየት በኋላ ሲታወቁ የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚከብደው በሴቷ ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንየው። በክሊኒኮች አይቪኤፍ በሚባለው ሕክምና ሴቷ እንቁላሎቿ በአንድ ጊዜ በዛ ብለው እንዲጎለምሱ ለአንድ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። ከዚያ ሐኪሙ አልትራሳውንድ እያየ በቀጭን መርፌ እንቁላሎቹን ያወጣል። በላቦራቶሪ ከባሏ ዘር ጋር ይዳቀላሉ። ከተገኙት ፅንሶች አንዱ፣ አልፎ አልፎም ሁለቱ፣ ወደ ማህፀን ይገባሉ፤ የተረፉት ብዙውን ጊዜ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ ይቀመጣሉ። በዚያ ቅዝቃዜ እድገት ይቆማል። በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ፅንስ ከጤፍ ፍሬ እጅግ ያነሰ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ቀልጦ ማህፀን ውስጥ ቢገባም ልጅ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቀዝቅዞ ከቆየ ፅንስ የመጀመሪያዋ ልጅ ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ተወለደች። በአገራችን ሕክምናው ዛሬ በግል ማዕከላት፣ በመንግሥት በኩል ደግሞ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይሰጣል። ብዙ ሰውም ወደ ውጭ እየሄደ ይታከማል።

ሰው ነው ወይስ ንብረት?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ሉዊዝ ብራውን ከመወለዷ አሥራ ስምንት ዓመት ቀድሞ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ፅንስ ከእናቱ አካል ውጭ ለዓመታት ይቀመጣል ብለው ሊያስቡ አይችሉም ነበር። አንቀጽ 1 ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ ድረስ የመብት ባለቤት ነው ይላል። አንቀጽ 2 ከዚህ ወጣ ይልና የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅ ጊዜ እንደተወለደ እንደሚቆጠር ይደነግጋል፤ ግን በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ ብቻ። ለመኖር መቻሉን አንቀጽ 4 በሰዓት ለክቶታል፤ ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረ ልጅ ለመኖር የሚችል ነው ተብሎ ይወሰዳል።

እንግዲህ ቁልፉ መወለድ ነው። ማህፀን ውስጥ እንኳ ያልገባ ፅንስ በእነዚህ አንቀጾች ሲታይ የራሱ መብት ያለው ሰው አይደለም። አንቀጽ 3 ደግሞ ሰው ልብ የማይለው ነገር ይዟል። ልጅ የተፀነሰው ከተወለደበት ቀን ወደ ኋላ በሚቆጠረው 300ኛ ቀን ላይ እንደሆነ ይቆጠራል። ፅንሱ ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘው በ2012 ዓ.ም. ሆኖ ልጁ በ2018 ቢወለድ፣ ሕጉ የሚያየው ከልደቱ በፊት ያለውን 300 ቀን እንጂ በማቀዝቀዣ ያለፈውን ዘመን አይደለም። በመካከሉ፣ በ2015 እንበል፣ አባትየው ቢሞት ይህ ልጅ አባቱ በሞተበት ቀን ገና አልተፀነሰም ማለት ነው። ውርስ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ መገመት ቀላል ነው።

ሰዎች በጭንቀት ከሚጠይቁኝ አንዱ፣ ፅንሱ እንዲወገድ መፈረም ጽንስ ከማስወረድ ወንጀል ይቆጠራል ወይ የሚል ነው። የወንጀል ሕጉ በዚያ ክፍል የሚናገረው እርግዝናን ስለማቋረጥ ነው፤ እዚህ ግን የተጀመረ እርግዝና የለም። ስለዚህ በእኔ አነባበብ እነዚያ አንቀጾች አይደርሱበትም። ይህ የሕጉ መልስ ነው። አንድ ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር የሚመክርበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለብዙዎች ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው እሱ እንደሆነ አይቻለሁ፣ መከበርም አለበት። ከመፈረም በፊት ተመክሮበት ቢሆን ደግሞ እንዴት መልካም ነበር።

ሰው ካልሆነ ንብረት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በጥረታቸው ወይም ከንብረታቸው የሚያገኙትን ገቢ ሁሉ የጋራ ያደርገዋል። ፅንስ ገቢ አይደለም። ገበያ የለውም፣ ገማች አይገምተውም፣ በሐራጅ አይሸጥም። “አራት ካለ ሁለት ሁለት እንካፈል” የሚል ሐሳብ ሰምቼ አውቃለሁ፤ በቅንነት የቀረበ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ሚስት ድርሻዋን ወስዳ ብትወልድ የሚወለደው የእሷ ብቻ ሳይሆን የእሱም ልጅ ነው። ቤት ሲካፈሉ የአንዱ ድርሻ ሌላውን አይከተለውም፤ ፅንስ ግን ለማንም ቢደርስ ሁለቱንም ይከተላል።

በሌላ በኩል የልጅ አስተዳደግ ሕግን እንጠቀም እንዳይባል፣ ዳኛ ልጅን ለእናት ወይም ለአባት ሲሰጥ የሚመዝነው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ ለልጁ ካለው ጥቅም ጋር ነው። ገና ላልተወለደ፣ ይወለድ አይወለድ ለማይታወቅ ፅንስ ይህ ሚዛን አይሠራም።

እኔ ከሁሉም ይበልጥ ለጉዳዩ ይቀርባሉ የምላቸው አንቀጾች ስለ ሰው አካል የሚናገሩት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 19 እና 20 ናቸው። አንቀጽ 19 አንድ ሰው አካሉን ወይም ከአካሉ ክፍል አሳልፎ ለመስጠት የገባውን ቃል በማናቸውም ጊዜ መሻር እንደሚችል ይገልጻል፤ ቃሉን አምኖ ወጪ ያወጣው ወገን ኪሣራውን ሊጠይቅ ይችላል። አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ያረጋግጣል። ሁለተኛው ያለ ክርክር ይሠራል፤ የትኛውም ባል ሚስቱን “ተስማምተናልና ፅንሱ ይግባልሽ” ብሎ በፍርድ ቤት ሊያስገድዳት አይችልም። የመጀመሪያው ግን ክርክር አለበት። “ዘሬን ስሰጥ ፈቅጄ ነበር፣ አሁን ፈቃዴን አንስቻለሁ” የሚል ባል አንቀጽ 19ን ይዞ ይመጣል። የሚስት ጠበቃ ደግሞ ዘሩ ከእንቁላሉ ጋር በተዋሐደበት ሰዓት የእሱ አካል ክፍል መሆኑ አብቅቷል፣ አሁን ያለው የሁለት ሰው ነገር ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ክርክሮች ክብደት አላቸው።

የፈረማችሁት ወረቀት

ሕክምናው ሲጀመር ክሊኒኩ ቅጽ ያስፈርማል። ከብዙ ሰው እንደምሰማው የሚፈረመው በጥድፊያ ነው፤ መርፌው ሊጀመር፣ ገንዘብ ሊከፈል፣ ወረፋው ሊደርስ ሲል። አንዳንዱ ቅጽ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። የተረፉት ፅንሶች ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ በመጨረሻው ገጽ ላይ በትንሽ ሣጥን ይቀመጣል፤ ይቆዩ፣ ይወገዱ፣ ለምርምር ይሰጡ። ስለ ፍቺ የሚጠይቅ ሣጥን አለ፣ የሌለበትም አለ።

ይህ ወረቀት በሕግ ምን ይመዝናል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። አንቀጽ 1716 ደግሞ ዓላማው ሕገ ወጥ ወይም ከመልካም ጠባይ ውጭ የሆነ ውል እንደማይጸና ይደነግጋል። ከክሊኒኩ ጋር ያለው ግንኙነት በአብዛኛው በዚህ ይዳኛል፤ ለምን ያህል ጊዜ ያስቀምጣል፣ ስንት ይከፈለዋል፣ በማን ፊርማ ያወጣል የሚለው።

የባልና ሚስቱ የእርስ በርስ ስምምነት ግን ሌላ በር አለው። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 73 በጋብቻ ውስጥ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት እንደማይኖረው ይናገራል። አንቀጹ የተጻፈው አንዱ ሌላውን በፍቅር ወይም በጫና ተጠቅሞ ሀብቱን እንዳይወስድበት ነው፤ ጥሩ አንቀጽ ነው። ለእኛ ጉዳይ ያለው ትርጉም ግን የሚያስደነግጥ ነው። “ብንለያይ ፅንሶቹን ሚስት ትጠቀምባቸው” ብላችሁ ክሊኒኩ ውስጥ ብትፈርሙ፣ ከዓመታት በኋላ ባልየው “ይህ በመካከላችን የተደረገ ውል ነው፣ ፍርድ ቤት አላጸደቀውም፣ አይጸናብኝም” ሊል ይችላል። ተቃራኒው ክርክር፣ ቅጹ ለሕክምና የተሰጠ ፈቃድ እንጂ የባልና ሚስት ውል አይደለም የሚል ይሆናል። ከዚህ ክርክር የሚያድነው አንድ ነገር ነው፤ ስምምነቱን ለብቻው በአማርኛ፣ ወይም በምታነቡት ቋንቋ፣ ጽፎ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ማጸደቅ። የግል ምስጢራችን ይወጣል ብላችሁ ከሰጋችሁ ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ ማመልከት ትችላላችሁ፤ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት መጠበቅ ችሎት በዝግ እንዲካሄድ ከሚያስችሉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ

የውጭ ፍርድ ቤት ውሳኔ እኛን አያስገድድም። (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ነገር ግን ጥያቄው ከተነሣ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው አገሮች ምን እንዳገጠማቸው ማየት ዳኞቻችንንም ይረዳል።

በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ዴቪስ የተባሉ ባልና ሚስት ሲፋቱ ሰባት ፅንሶች ነበሯቸው። የመጀመሪያው ዳኛ በ1989 ለሚስት ፈረደ። ይህ በይግባኝ ተገለበጠ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1992 ፅንስ ሰውም አይደለም፣ ንብረትም አይደለም፣ ልዩ ክብር የሚገባው በመካከል ያለ ነገር ነው አለ። ከዚያ ቅደም ተከተል አስቀመጠ። ቀድሞ የተደረገ ስምምነት ካለ እሱ ይከበር፤ ከሌለ የሁለቱ ፍላጎት ይመዘን፤ ልጅ የሚፈልገው ወገን በሌላ መንገድ ወላጅ የመሆን ዕድል ካለው፣ ወላጅ መሆን የማይፈልገው ይረታል። በዚያ ጉዳይ ሚስትየዋ ፅንሶቹን ራሷ ልትጠቀምባቸው ሳይሆን ለሌሎች ባልና ሚስት ልትሰጣቸው ፈልጋ ስለነበር የባልየው ፍላጎት አመዘነ።

ልብ የሚሰብሩት ግን ሌላ ዕድል የሌላቸው ሴቶች ጉዳዮች ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥ፤ የተለያየ ፍርድ ነው የተሰጠባቸው።

ናታሊ ኢቫንስ እንግሊዛዊት ናት። በ2001 የእንቁላል ማመንጫ እጢዎቿ ላይ ለካንሰር የሚያሰጋ ዕባጭ ተገኘባትና ከመውጣታቸው በፊት ከጓደኛዋ ጋር ስድስት ፅንሶች አስቀመጠች። በግንቦት 2002 ተለያዩ። ሰውየው ፅንሶቹ እንዲወገዱ ለክሊኒኩ ጻፈ። የእንግሊዝ ሕግ ፅንሱ ማህፀን እስኪገባ ድረስ የሁለቱም ፈቃድ እንዲኖር ያዛል። ናታሊ አገሯ ተሸንፋ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደች፤ በሚያዝያ 2007 ታላቁ ችሎት 13 ለ4 በሆነ ድምፅ መብቷ አልተጣሰም አለ። ከራሷ አካል ልጅ የማግኘት የመጨረሻ ዕድሏ በዚህ ተዘጋ።

ሩት ናክማኒ እስራኤላዊት ናት። በካንሰር ምክንያት ማህፀኗ ወጥቷል፤ ፅንሶቹ ሌላ ሴት እንድትሸከምላቸው ታስበው ነበር። ባሏ ትቷት ሌላ ቤተሰብ መሠረተ፤ ፈቃዱንም ከለከለ። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 አራት ለአንድ ለባል ፈረደ። ጉዳዩ እንደገና በ11 ዳኞች ሲታይ በ1996 ሰባት ለአራት ለሩት ተፈረደ። ወላጅ የመሆን ፍላጎት ወላጅ ካለመሆን ፍላጎት ይበልጣል ያሉት ዳኞች በዚያ ቀን በዙ።

ጣሊያን ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አላት። በ2004 የወጣው ሕጓ እንቁላሉ ከተዳቀለ በኋላ ፈቃድ ማንሳትን ይከለክላል፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷም በ2023 ይህንን አጸና። በአሜሪካ የአላባማ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2024 ፅንስን በአንድ የቆየ የካሣ ሕግ ዓይን ልጅ ነው ብሎ ሲወስን አንዳንድ ክሊኒኮች ይህን ሕክምና አቆሙ፤ የግዛቱ ምክር ቤት በሳምንታት ውስጥ ለክሊኒኮች ከለላ የሚሰጥ ሕግ ለማውጣት ተገደደ።

የእኔን አቋም በግልጽ ልናገር። ማንም ሰው ሳይፈልግ ወላጅ ሊደረግ አይገባም፤ ስለዚህ ፅንሱ ማህፀን እስኪገባ ድረስ የሁለቱም ፈቃድ መኖር አለበት የሚለውን መነሻ እቀበላለሁ። ግን መነሻ እንጂ መድረሻ መሆን የለበትም። ኪሞቴራፒ ልትወስድ ስትል ባሏን አምና እንቁላሏን ለብቻ ሳታስቀምጥ ፅንስ ያስቀመጠች ሴት፣ በኋላ አንድ ደብዳቤ ዕድሏን ሁሉ ሊዘጋው አይገባም። የእሷና የሌላ መንገድ ያላት ሴት ጉዳይ አንድ አይደለም። ይህንን ልዩነት ደግሞ አንድ የወረዳ ዳኛ ያለ ምንም ጽሑፍ ከራሱ ኅሊና እንዲያወጣው መተው ለዳኛውም ለሴቷም ግፍ ነው፤ የሕግ አውጪው ሥራ ነው። እንግሊዞች ከኢቫንስ ጉዳይ በኋላ በ2008 ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ አንዱ ወገን ፈቃዱን ካነሳ ፅንሱ ወዲያው እንዳይወገድ እስከ 12 ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ጨመሩ። እኛም ይህን ያህሉን ልንወስድ እንችላለን።

ከፍቺ በኋላ ቢወለድስ?

ሰው ስለ ፅንሱ ባለቤትነት ሲጨነቅ ይህኛው ይረሳል፤ ለልጁ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

በቤተሰብ ሕጉ እናት ማለት የወለደችው ናት። አባትነት የሚታወቀው በግምት ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው። ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ፣ ወይም ከፈረሰ በኋላ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጠራል። ፅንሱ ማህፀን ከገባ እስከ ልደት ያለው ጊዜ ዘጠኝ ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። አሁን ቀኖቹን እናስላ።

አንደኛ፣ ባልና ሚስት ተለያይተዋል፤ እሱ ወደ ወላጆቹ ቤት ሰንዳፋ ሄዷል፣ እሷ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቀርታለች። ፍርድ ቤት ግን ገና ፍቺ አልወሰነም። በአሮጌው ፊርማ ፅንሱ ቢገባላትና ብትወልድ ልጁ በሕግ የባልየው ነው። “ከተለያየን ዓመት አልፎናል” ማለት ብቻውን ጋብቻን አያፈርስም። ሁለተኛ፣ ፍቺው ተወስኖ አራት ወር ካለፈ በኋላ ፅንሱ ቢገባ ልጁ የሚወለደው ከ300 ቀን በኋላ ነው። ያኔ የአባትነት ግምት የለም። ልጁ የሰውየው ዘር መሆኑ በላቦራቶሪ መዝገብ ቢታወቅም አባት ለማግኘት ወይ ሰውየው ልጄ ነው ብሎ መቀበል አለበት፣ ወይ ፍርድ ቤት ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አባትነት በፍርድ የሚረጋገጥባቸው ምክንያቶች ሲጻፉ ደግሞ የታሰበው በወንድና በሴት መካከል የነበረ ግንኙነት፣ የተጻጻፉት ደብዳቤ፣ የተሰጠ ቀለብ እንጂ የናይትሮጅን ታንክ አልነበረም።

ሦስተኛውና በጣም የተወሳሰበው ሁኔታ ይኸውና። ሴት ከፍቺ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ እንዳታገባ ሕጉ ይከለክላል፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ጊዜው ሊቀርላት ይችላል። ዓላማው የልጁ አባት ማን እንደሆነ እንዳይምታታ ነው። ፅንሱ ቀዝቅዞ ከቆየ ግን ይህ ጥንቃቄ አይጠቅምም። ሴቷ ሌላ ሰው አግብታ ከዓመት በኋላ ከቀድሞ ባሏ ጋር ያስቀመጠችው ፅንስ ቢገባላት፣ የሚወለደው ልጅ አባት በሕጉ ግምት አዲሱ ባል ነው። የሦስት ሰው ሕይወትና የአንድ ሕፃን ስም በዚህ ይጠላለፋል።

በመንገዱ ወዲህና ወዲያ

በከተማዋ ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዋጅ 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ ኦሮሚያም የራሷ አላት። አያት ያለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ጥቂት ወረድ ብሎ ለገጣፎ፣ ወይም በሌላው አቅጣጫ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላን ያለው ግን በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ፣ በኦሮሚያ ሥር ነው። ክሊኒኩ ቦሌ ቢሆንም የፍቺው ጉዳይ የሚታየው በመኖሪያችሁ ሕግና ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሕጎች በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፤ የአንቀጽ ቁጥሩና ዝርዝሩ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ቁጥር ገልብጦ ለገጣፎ ችሎት መቅረብ አይበጅም። መታወቂያችሁ የት እንደሆነና በእርግጥ የምትኖሩት የት እንደሆነ ለጠበቃችሁ መጀመሪያ ንገሩ።

ፅንሱ ውጭ አገር ካለ ደግሞ ክሊኒኩ የሚታዘዘው ያለበትን አገር ሕግ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሄዱባት ህንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው ሕግ ፅንስ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይቀመጥ ይወስናል፤ ፅንሱ ማህፀን ሳይገባ ፈቃድ ማንሳትንም ይፈቅዳል። የአዲስ አበባ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ በእጃችሁ ቢኖርም ዴልሂ ያለ ክሊኒክ በእሱ ብቻ ታንኩን አይከፍትም።

አሁን ወደ ተግባሩ። ሕክምናውን ልትጀምሩ ከሆነ ቅጹን ከቀጠሮው ቀን በፊት ተቀብላችሁ ቤት ውሰዱት፤ ሁለታችሁም ለየብቻ አንብቡት። ብንፋታ፣ አንዳችን ብንሞት፣ አንዳችን ታመን መወሰን ቢያቅተን፣ ወይም የማስቀመጫው ክፍያ ቢቋረጥ ፅንሶቹ ምን ይሆናሉ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ከሌላቸው ክሊኒኩ እንዲጨምርበት ጠይቁ። የጤና ዘርፍ አዋጆችና መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ዛሬ እየሠራ ያለው መመሪያ የትኛው እንደሆነም ይንገሯችሁ። ካንሰር ወይም ሌላ ሕክምና እንቁላል የማፍራት አቅሟን ሊያጠፋባት የሚችል ሴት ደግሞ ይህን አጥብቃ ትስማኝ፦ ከፅንሱ ጎን የራስሽን እንቁላል ለብቻው ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ያልተዳቀለ እንቁላል የአንቺ ብቻ ነው፤ ማንም ፈቃዱን አነሳሁ ሊልብሽ አይችልም።

እየተለያያችሁ ከሆነ በስምምነት የመፋታት በር ይሻላል። በስምምነት ሲፋቱ የፍቺውን ውጤት የሚወስን ስምምነት ለፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ፍርድ ቤቱም አይቶ ያጸድቀዋል። የፅንሶቹ ዕጣ እዚያ ስምምነት ውስጥ አንድ አንቀጽ ይኑረው፤ ስንት እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ማን ምን እንደፈቀደ፣ እስከ መቼ እንደሚቆዩና ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን። ልጅ ይወለድ ከተባለ ሰውየው አባትነቱን እንደሚቀበል ወይም እንደማይቀበል በግልጽ ይጻፍ፤ ምንም እንኳ ወላጆች በሚዋዋሉት ቃል የልጁ መብት አይሻርም። በስምምነት ካልሆነ፣ ክስ የከፈተው ወገን በዚያው ቀን ለክሊኒኩ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት መሆኑን፣ በአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ፅንሱ እንዳይወጣም እንዳይወገድም። ፍርድ ቤቱም ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ባለበት እንዲቆይ እንዲያዝ ይጠየቅ። ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ የክሊኒኩ ማኅተምና የተቀባዩ ፊርማ አርፎበት ከእናንተ ጋር ይቅር። የማስቀመጫው ክፍያ ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ አይቋረጥ፤ ፍርድ ቤት ያልወሰነውን ያልተከፈለ ሂሳብ እንዳይወስነው።